የሰብሊ ሃያ ሦስት መስመር

ሰብሊዬ፣ ደሴ እንዴት ይዛሻለች?

ቦሌ ቢሮ ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ አንቺ የላክሽልንን ኮድ ማጥፋት ሆነ፤ እንዳትቀየሚኝ። ቨርቹዋል ማሽኑ፣ ያ በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ኮምፒውተር፣ ከዋናው ጋር ፋይል የሚጋራበትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ስትሠሪ፣ የተጻፈው ሁሉ ዳግም ወደ ዋናው እንዲገለበጥ አድርገሽ ነበር። ለካ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ሜሞሪ ነው፤ የሚገለበጥ ነገር የለም።

አብሮኝ የሚሠራው አብኔዘር "ይቺ ልጅ ምን ፈርታ ነው?" አለኝ።

"መብራት" አልኩት። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ከመብራቱ ጋር የጠፋ ቀን እንዴት እንዳለቀስሽ ነገርኩት። እዚህ ጄኔሬተሩ "ውይ" ብለሽ ሳትጨርሺ ይነሳል፤ እኛ ጋ ደሴ ግን ሻማ ፍለጋ ነው።

የሚገለብጠውን ሃያ ሦስት መስመር አጥፍተን፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ሥራ ላይ እያለ ድንገት ዘጋነው። ፋይሉን ከዋናው ኮምፒውተር ስንከፍተው አንድ ፊደል አልጎደለም። አብኔዘር "ለጓደኛሽ ንገሪያት፤ አሁን ትተኛ" አለ።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን እትዬ ዘርፌን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ይህን ሁሉ ትናንት በስልክ ነግሬሻለሁ፤ ቢሆንም እንዳይጠፋብን ብዬ ደግሜ ጻፍኩት።

ሄርሞንሽ