ጭራ ያላት ቀይ መስመር

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ዛሬ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም ዝም አልኩ። አንተ ብትኖር አትቆጣኝም ነበር። ይበልጥ የሚያመኝም እሱ ነው።

የምጽፍልህ እማዬ መጋረጃ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። እሷ የሰው ቤት መጋረጃ ልትሰቅል ሄዳለች፤ መሰላሉን በትከሻዋ ተሸክማ፣ በእግሯ። እሜቴ የለችማ። አንተ ለመኪናችን ያወጣህላት ስም አልተቀየረም፤ በፊት ትስቅብህ የነበረችው እማዬ እንኳ ዛሬ ዛሬ ከእሜቴ ሌላ ስም አትጠራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እሜቴ ከሆዷ ስር መንኳኳት ጀመረች። ሰኞ ዕለት እማዬ አንተ ወደ ገዛህበት ድርጅት ወሰደቻት፤ "የሸጡልን እነሱ ናቸው፣ በሽታዋን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል" ብላ። ዛሬ ጠዋት ጠሩን። የጋራዡ ኃላፊ ነጭ ጋውን ለብሷል። እጁ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ የለችም።

"እናቴ፣ ካምቢዮው አልቆለታል" አላት። "ከፍተን አይተነዋል። ጥርሶቹ ተበልተዋል። ሙሉውን መቀየር ነው።"

ዋጋውን ጽፎ ወደ እሷ ገፋላት። እማዬ አነበበችው። ገልብጣም ጀርባውን አየችው፣ እዚያ ቅናሽ የተጻፈ ይመስል።

"በዚህ ገንዘብ እኮ ሌላ መኪና ይገዛል!"

"ለዚህ እኮ ነው ሌላ ሐሳብ ያመጣሁልዎ። እንዳለች ለእኛ ይተዉልን፤ ትንሽ ነገር እንሰጥዎታለን። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው ይፈርማሉ፣ በቃ፣ ተገላገሉ።"

"ባለቤቴ እኮ በየስድስት ወሩ ከስሯ ገብቶ ሳያያት አያልፍም ነበር።"

"ነፍሳቸውን ይማር። ግን እሳቸው ሹፌር እንጂ ሜካኒክ አልነበሩም፣ አይደል?"

እማዬ አጥብቃ ይዛው የነበረውን ቦርሳ ከጭኗ ወደ ወለሉ አወረደች። ያን ጊዜ እሺ ልትል እንደሆነ ገባኝ።

ሹፌር እንጂ ሜካኒክ አልነበረም ሲል ቅዳሜዎቻችን ዓይኔ ላይ መጡ። ካርቶን ታነጥፋለህ፣ በጀርባህ ተንሸራተህ ትገባለህ፣ እግሮችህ ብቻ ውጭ ይቀራሉ። እኔም የእጅ ባትሪውን ይዤ እንደ ድመት ተስቤ አጠገብህ እጋደማለሁ። "ፋኖሴ፣ ወደ ግራ። ፋኖሴ፣ ዓይኔን ሳይሆን ቡሎኑን!" እንግዳ ሲመጣ በር ጀርባ የምደበቀው ልጅህ እዚያ ስር ስሆን ወሬዬ አያልቅም ነበር። ሁለታችንም ወደ ላይ ስለምናይ ይመስለኛል፤ ፊት ለፊት ስለማንተያይ።

አጥብቀህ ስትጨርስ የእማዬን ቀይ የጥፍር ቀለም ከኪስህ አውጥተህ ትሰጠኛለህ፤ ያንተ ጣት ለብሩሿ ወፍራም ነበራ። እኔ ከቡሎኑ ራስ እስከ ብረቱ አንድ ቀጭን መስመር አሰምራለሁ። "ቡሎኑ ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል" ትለኝ ነበር። "ካልተሰበረ የማንም መፍቻ አልነካውም ማለት ነው።"

እማዬ በመስኮት ብቅ ትላለች። "ኧረ ተው አንተ ሰው! እኔ አንድ ጣት ሳልቀባ የመኪናህ ሆድ ዕቃ ለሠርግ ተኳለ!"

"አንቺማ ሳትቀቢም ታምሪያለሽ" ትላታለህ ከስር።

መስኮቱ ይዘጋል። ሳቋ ግን ይሰማናል።

በመጨረሻው ቅዳሜ የካምቢዮውን ቡሎኖች ሳሰምር አስነጠሰኝና ብሩሿ አመለጠችኝ። አንደኛዋ መስመር ጭራ አወጣች። ላጠፋት ስል እጄን ያዝከኝ። "ተያት። አሁን ያንቺ መሆኗ ታወቀ።" በዚያው ወር ታመምክ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ከእማዬ ጋር መስፋት ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ካምቢዮውን የነካው የለም።

ዛሬ ከቢሮ ስንወጣ እሜቴ መኪና ማንሻው ሊፍት ላይ ከፍ ብላ ቆማ ነበር። እማዬ ነገ ምን ምን ወረቀት ይዛ እንደምትመጣ ስትጠይቅ እኔ ከስሯ ገባሁና የስልኬን መብራት አበራሁ። መስመሮቹ አቧራና ዘይት ለብሰዋል፣ ግን ሁሉም አሉ። አንዳቸውም አልተሰበሩም። ጭራ ያላትም አለች። አባዬ፣ ከፍተን አየነው ያሉትን ካምቢዮ አልከፈቱትም።

"እህቴ፣ ከስር ውጪ እንጂ!" አለ ኃላፊው። "የጠፋብሽ ነገር አለ?"

እጄ ወደ ቡሎኑ ሊጠቁም ግማሽ መንገድ ተነስቶ ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጆሮዬ ጋለ።

"ምንም" አልኩት።

ከዚያ እሜቴን አወረዷትና እማዬ ፌስታል ሰጠችኝ። "ውስጧ ያለንን ዕቃ ሁሉ ልቀሚ" አለች። አንድ እግር ብቻ የቀረውን መነጽርህን አገኘሁ፣ እኔ ትንሽ ሳለሁ የጠፋ ጓንቴን አገኘሁ። ከመሪው ማዶ ካለው ኪስ ውስጥ ደግሞ የጥፍር ቀለሟን። ደርቃለች። እማዬ ከእጄ ወስዳ ትንሽ ያዘቻትና መለሰችልኝ። "ስንት ጊዜ ፈልጌያት" ብቻ አለች።

ድምፁ ከምን እንደሚመጣ አላውቅም። ካምቢዮውም በእውነት አልቆ ይሆናል፤ እኔ ምኑን አውቃለሁ። ሳያዩ አየን ማለታቸውን ግን አውቃለሁ። አንተ ብትሆን ኮፍያህን አውልቀህ፣ ሳትቆጣ፣ "እስቲ አሳዩኝ" ትላቸው ነበር። ከዚያም ሳያሳዩህ አትሄድም።

እማዬ ስትመለስ ይህን ደብዳቤ አነብላታለሁ። ላንተ ሳወራ አልንተባተብም፤ እሷም እዚያው ውስጥ ትሰማኛለች።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያንተን ባትሪ ይዤ አብሬያት እሄዳለሁ። እስክሪብቶውን ከማንሳቷ በፊት፣ "እባክዎ፣ መኪናዋን ከፍ ያድርጉልን" እላለሁ። ይህችን አንዲት ቃል ለመጋረጃዎቹ አሥር ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ድምፄ እንቢ ካለኝም ከስሯ ገብቼ ባትሪውን ጭራ ያላት ላይ አበራለሁ፤ መጥተው እስኪያዩ ድረስ አላጠፋም። እሱን አውቅበታለሁ። ዓይናቸውን ሳይሆን ቡሎኑን።

ፋኖስህ