ከሳጥኑ የተረፈው ዋንዛ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018፤ ቦንጋ

ዛሬ የጨረስኩት ሳህን እስካሁን በቶርኖ ካወጣኋቸው ሁሉ ይበልጣል። ቁርጥራጭ ዋንዛ ነው፤ ጉጡን መሐል ለመሐል አስቀምጬዋለሁ። የልጄ የሰላም አዲስ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ቅዳሜ ከዋጫ መጥታ ትወስደዋለች።

ከሰዓት በኋላ አናጺው ገብሬ መጣ። ሳህኑን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን እንጨት ከየት አገኙት?»

«ካንተው ጓሮ ነዋ፣ ከማገዶህ መሐል። እንዲህ ያለ ዋንዛ ይነደዳል?»

«ከማገዶው አይደለም። ለብቻው ግድግዳ ያስደገፍኩት ነው። የእትዬ ዘነበች ሳጥን ሲሠራ የተረፈ። ማንደዱ ከብዶኝ ነው።»

«ታዲያ ምልክት አታደርግበትም?» ጮህኩበት።

«ጋሼ፣ ማን ይነካዋል ብዬ?»

የባለቤቴ የዘነበች የሬሳ ሳጥን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ለቀስተኛው እየጠበቀ፣ አንዱን ሳንቃ «ጉጥ አለበት፣ ቀይር» ብዬ አስጥዬዋለሁ። ያ ጉጥ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ በአውራ ጣቴ ደጋግሜ ዳሰስኩት። አላወቅሁትም።

አመሻሹ ላይ ሰላም ደወለች።

«አባዬ፣ ሳህኔ አለቀ?»

«ተሰነጠቀ» አልኳት።

«ውሸታም! አንተ እጅ ላይ እንጨት ይሰነጠቃል?» ሳቀች። «ተሰንጥቆም ቢሆን እወስደዋለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። መዶሻ አነሳሁ። የሳጥኑ ክዳን በምስማር ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ሳልመታው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እጄ አልወርድ አለ።

ሳህኑ አሁንም ደህና ነው። ቅዳሜ ትመጣለች።