ዘመድ የሌለበት አራት ቀን

ሰኞ፣ ጁን 9፣ 2014። ምሳ ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ከጧት ጀምሮ ከሃያ ስድስት ክንድ ደም ቀዳሁ። የአንዷ አሮጊት ደም ሥር አልገኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ወጋኋት፤ ይቅርታ የጠየቀችው ግን እሷ ናት። እግሬ አብጧል። ክሊኒኩ ጀርባ ዛፍ ጥላ ሥር መኪናዬን አቁሜ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ አጋድሜ፣ ቀዝቃዛ ሩዝ በላሁ። በስልኬ የስዊዘርላንድ ሐይቅ ሳይ ሃያ ደቂቃ አለፈ። አንድ ወንበር፣ ከፊቱ ውሃ፣ ሰው የለም። ከውሃው ይልቅ ወንበሩን ነው አፍጥጬ ያየሁት፣ ደብተሬ።

ጌ. (ጌታቸው ብዬ መጻፍ እንኳ ይደክመኛል፣ ባሌ ነው፣ ቅር አይለውም) ለመጨረሻው አራት ቀን የሚሆን ቦታ አንቺ ምረጪ ብሎኛል። ሮም፣ ያሳደጉት አክስቱ እትዬ በላይነሽ ጋ ስድስት ቀን፤ ፍራንክፈርት እኅቴ ትዕግሥት ጋ አምስት ቀን። ሁለቱም ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ፣ ብሉ ጠጡ፣ ቀን ቀን ደግሞ እነ እገሌን ጠይቁ። ከዚያ ከኦገስት 7 እስከ 10 የራሳችን። ኦገስት 11 ከፍ/ፈርት ወደ ቤት፣ ወደ አሜሪካ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ብቻችንን ስንሆን የመጀመሪያ ነው።

ኤደን (ልጃችን፤ ከኮሌጅ ለክረምት መጥታ ሶፋውን ወርሳለች) ስነግራት «ላይክ፣ ሀኒሙን?» ብላ ሳቀች። ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጁን 11። ጧት፣ ከመውጣቴ በፊት

ጌ. አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ሌሊት ይሠራል፣ እኔ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀን። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ አሥር ደቂቃ አለን። ትዳራችን ያቺ አሥር ደቂቃ ናት።

ዛሬ አሥሯን ለሐይቁ አዋልኳት። ፎቶውን አሳየሁት። ጫማውን እየፈታ ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። የሚዜው ታናሽ ወንድም ሎዛን ነው ያለው። እንዴት ደስ ይለዋል! ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሆቴል ምን ያደርግልናል አለ።

ስዊስ ተሰረዘች።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ኒስ፦ የድሮ ጎረቤቱ ልጅ። ባርሴሎና፦ የአጎቱ ልጅ የቀድሞ ሚስት፣ ቢፋቱም እሷ ጥሩ ሰው ናት። አምስተርዳምን አፌ ሳይጨርሳት ሦስት ስም ጠራ። እኔ ካርታ ላይ ከተማ አያለሁ፤ እሱ የሚታየው ሰው ነው።

ጠይቀን እንለፍ ይላል፣ አንድ ከሰዓት ብቻ። አንድ ከሰዓት የሚባል ጥየቃ በእኛ ዘር ኖሮ ያውቃል? ምሳ ለእራት ያደርሳል፣ እራት ለእደሩ። ሳይጠይቁ ማለፍ ደግሞ አይቻልም። አውሮፕላኑ ደለስ ሳያርፍ ወሬው ዊተን ገበያ ደርሶ ይጠብቀናል። ትላንት ከሥራ ስመለስ ቤልትዌይ ላይ በመኪና ጭንቅንቅ አርባ ደቂቃ ቆሜ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ክፉ ሴት ሆኛለሁ? ዘመድ እወዳለሁ እኮ። ደክሞኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ጁን 17። ምሳ ሰዓት

አገኘሁ። ፖርቱጋል፣ ታቪራ የምትባል ትንሽ ከተማ። ነጫጭ ቤቶች፣ በመኻል ወንዝ። ጧት በጀልባ ወደ አሸዋው ደሴት ይሻገራሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በቃ፣ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም። አንብቤ አንብቤ አንድም «ሊታይ የሚገባ» ነገር አጣሁ። ፖርቱጋል የሄደ ሐበሻ አላውቅም። ጌ.ም አያውቅም፣ በዘወርዋራ ጠይቄዋለሁ።

ለማንም አልናገርም። ላንቺ ብቻ።

እሑድ፣ ጁን 22

ስህተቱ የኔ ነው። ዓርብ ዕለት ለጌ. ነገርኩት፣ ሳቀ፣ እሺ አለ። ደስታዬ ሁለት ቀን ዕድሜ አልነበረውም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የማርያም ማኅበራችን ስፕሪንግፊልድ ወ/ሮ አስቴር ቤት ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው እንደተቀመጠ ስለ ክረምት ወሬ ተነሣ። ጌ. ፖርቱጋል ሲል ከወጥ ቤት ሰማሁት። አስቴር ጭልፋዋን አስቀምጣ ወደ ሳሎን ሄደች። የወንድሟ ልጅ ሊዝበን ከገባ ሁለተኛ ወሩ ነው። ሰው የለውም፣ ቋንቋ የለውም፣ ብቻውን ነው። ሊዝበን ከታቪራ በባቡር ብዙ ሰዓት ነው አልኳት። ችግር የለም፣ እሱ ይመጣላችኋል አለች፣ የት ይተኛል ሳይባል። ስንወጣ የሕፃን ልጅ ያህል የሚከብድ ፌስታል አሸከመችኝ፤ ቫይታሚን፣ ሹራብ፣ ጫማ።

የምስኪን ልጅ አክስት ፊት ቆሜ፣ ፌስታል ታቅፌ፣ በሆዴ ልጁን ረገምኩት። አረመኔ። መልሼ ደግሞ ራሴን ረገምኩ። መኪና ውስጥ ጌ. ደስ ብሎት ያፏጭ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 26። ከሥራ መልስ

የባሰ አለ።

እትዬ በላይነሽ ከሮም ደወሉ። ስልኩን ጌ. ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እኔም ሰላም እንድላቸው። ጤና፣ ልጅ፣ ሥራ። ከዚያ እሳቸው ናቸው የነገሩን፦ ኦገስት 7 ማለት ነሐሴ 1 ነው። የፍልሰታ መያዣ። እኔ ትኬት የቆረጥኩት ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፈረንጅ ካላንደር ነው፣ የቤ/ክ ካላንደር ደግሞ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ ወተት በወሰድኩ ቁጥር ያየኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እትዬ አልተቆጡም። ይልቅ ደስ አላቸው። ከፍ/ፈርት ወደ እኔ ተመለሱ፣ ሱባኤውን አብረን እንያዝ፣ እኔ ከዚህ በኋላ ስንት ፍልሰታ ይቀረኛል አሉ። በሰው ቤት ሠርተው፣ ከደመወዛቸው አዲስ አበባ ድረስ እየላኩ ያሳደጉት ሴትዮ ናቸው። እምቢ ይባላሉ? ጌ. ወደኔ ሳያይ «እሺ እትዬ፣ እንዳሉ» አለ።

እንዳሉ። ወደ መኝታ ቤት ሄጄ ልብስ አጠፍኩ። የታጠፈውን ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 28

ተጣላን። የኛ ጠብ ጩኸት የለውም፣ ኤደን እንኳ አልሰማችም።

ጾሙን መጾም ታቪራም ይቻላል አልኩት። እግዜር ፖርቱጋልም አለ። እትዬን ቀድመን ስድስት ቀን እናያቸዋለን። የአስቴርን ዕቃ በፖስታ ልንልክ እንችላለን። ሁሉንም በእርጋታ፣ አንድ በአንድ። እሱ የመኪናውን ቁልፍ ሲያገላብጥ ቆየ። መጨረሻ ላይ ቀና ሳይል አንዲት ነገር ጠየቀኝ።

«አራት ቀን ሙሉ ምን እናወራለን?»

ደብተሬ፣ አልሰደበኝም እኮ። በክፋትም አላለውም፣ ፈርቶ ነው። እሱ ነው የባሰብኝ። ለካ ሎዛንም፣ ባርሴሎናም፣ የአስቴር ፌስታልም ዘመድ ወዳድነት ብቻ አልነበረም። ከኔ ጋር ብቻውን መሆን ፈርቶ መኻላችን ሰው እየጎተተ ሲያስቀምጥ ነው የከረመው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጁን 30። ምሳ ሰዓት

አልበላሁም። በሐቅ ልጻፍ፣ ማንም አያይሽ።

እኔስ ምን አወራዋለሁ? ስልኬን ከፍቼ የአንድ ወር መልእክታችንን አነበብኩ። ብሬኩ ይጮኻል። ወተት አልቋል። ኤደን ኮል አድርጋሃለች? ዛሬ ኦቨርታይም ነኝ። እሺ። እሺ። እሺ። አንዲት ቦታ ብቻ፣ ጁን 12 ላይ፣ በረዶ ዘነበ በዚህ ሙቀት ብሎ ጽፎልኛል፤ እኔም ለዚያ አልመለስኩም። ምናልባት ያን ቀን ማውራት ፈልጎ ነበር።

እኔም ፈርቼ ነበር። ኤደን ሀኒሙን ስትል የተናደድኩት ለዚያ ነው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ምንም። ደም ቀዳሁ፣ ነዳሁ፣ ተኛሁ። በር ላይ አሥር ደቂቃችንን በዝምታ ጨረስናት። እሱ ቀድሞ አይኑን ሰበረ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5። አመሻሽ

ሁለታችንም ዕረፍት ነበርን። እንሞክረው አልኩት፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ምኑን ሲል፣ ዝምታውን አልኩት። ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ወረድን። ስልኮቹን መኪናው ውስጥ ቆለፍናቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ እንደ ፈተና ተማሪ፣ ቀጥ ብለን። እሱ ስለ አንድ ጀልባ አወራ። እኔ ይቅርታ ስለጠየቀችኝ አሮጊት ነገርኩት፣ ሳልነግረው ወር ሊሆናት ነው። ሰማኝ። ከዚያ አለቀብን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ! የሰው እግር አየሁ፣ የውሻ ዓይነት ቆጠርኩ። ዝም አይነቅዝም አለ ጌ. በመጨረሻ፣ ራሱን ለማጽናናት።

ቀጥሎ ሳይ አንገቱ ዘንበል ብሏል። ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝቷል! መጀመሪያ ቆጨኝ፤ ይኼው፣ ከሚስቱ ጋር ብቻውን ሲሆን እንቅልፍ ነው የሚወስደው ብዬ። ግን ከብዶ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ፣ እንደዚያ ተኝቶ አይቼው አላውቅም። እሱ ሲተኛ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ጆሮው ሥር ሽበቱ እንዲህ መብዛቱን ዛሬ ነው ያየሁት። ክንዴ ደነዘዘ፣ የራሴን ክንድ ደም ሥር መፈለግ እስኪያምረኝ። አልነቃነቅኩትም።

ከሰዓት በላይ ቆይቶ ሲነቃ ይቅርታ ጠየቀኝ። ደክሞኛል ሰብለ፣ ብዙ ደክሞኛል አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም ደክሞኛል አልኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ይህን ተባብለን አናውቅም፤ ማን ቀድሞ ይናገር ተባብለን እንደተኮራረፍን ይመስል።

ሰኞ፣ ጁላይ 7። ምሳ ሰዓት

ታቪራን ያዝኩ። ከፍ/ፈርት በረራውንም፣ ክፍሉንም። በረንዳ አለው፣ ሁለት ወንበር።

በር ላይ ነገርኩት። ሳልለምን፣ ሳላኮርፍ። የምናወራው ካጣን እንተኛለን፣ አልኩት። ዳቦና ወይራ እየበላን እንጾማለን፣ ሽሮ በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ፣ ዓሣውን ለፈረንጆቹ ትተን። እትዬ ጋ ልሂድ ካልክ አልቀየምህም፣ አንተ ወደ ሮም፣ እኔ ግን እዚያ ነኝ። ቆሞ ሰማኝ። ጫማውን አንዱን ፈትቶ አንዱን ሳይፈታ። ረፍዶብኝ ወጣሁ።

ድፍረቱ ከየት መጣ? ብቻዬን አራት ቀን ባሕር ዳር ምን እሆናለሁ፣ ደብተሬ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

የአስቴርን ዕቃ ፖስታ ቤት ወስጄ ወደ ሊዝበን ላኩ። ደወልኩላትና እውነቱን ነገርኳት፤ ማንንም ሳናይ ማረፍ ነው የፈለግነው አልኳት። ታድለሽ፣ እኔም አምሮኝ ነበር አለች። አስቴር! ለልጁ ግን በየሳምንቱ እንድደውልለት ቁጥሩን ሰጠችኝ። እደውላለሁ።

ከጌ. ዛሬም መልስ የለም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9። አመሻሽ

ጌ. ዛሬ ሌሊት ዕረፍት ነው። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሱ ሳሎን። ስልክ ጮኸ። ድምፁ ከፍ ተደርጓል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው፤ እትዬ በላይነሽ።

ለነሐሴ 1 ለካህኑ ነግሬያለሁ፣ ከፍ/ፈርት ስትመጡ በስንት ሰዓት ልጠብቃችሁ አሉ። ቢላዋዬን አቆምኩ። ጌ. ሊል የሚችለውን አውቀዋለሁ፣ እሺ እትዬ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ቃል ብሏቸው አያውቅም። አይኔ የተቃጠለው በሽንኩርቱ ብቻ አይደለም።

«እትዬ» አለ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰብለ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከለከላት። ነሐሴ ከመግባቱ በፊት አሜሪካ ተመላሽ ነን።»

ዋሸ። ጌ. እትዬ በላይነሽን ዋሸ፣ ያውም ስለ ጾም መያዣ፣ ያውም በኔ ስም። እሳቸው ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አሜሪካ መቼም ሰው አያሳርፍም አሉ፣ መረቁን። ጌ. አሜን አሜን አለ። ለንስሐ አባታችን እነግራለሁ፣ የኔም ድርሻ አለበት። ግን ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ። ሐቁን ነው የምጽፍልሽ፣ ደስ ብሎኛል።

ስልኩን ዘጋና መጥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አላየሁትም፣ መክተፍ ቀጠልኩ። የወንድ የዋና ቁምጣ የት ነው የሚሸጠው ብሎ ጠየቀኝ።

ዋና አይችልም እኮ። እኔም አልችልም።