በቁልፌ ያወጣኸው ምስክር ወረቀት

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለገድሉ፤ አዲስ አበባ።

ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ርሆቦትስ ደኅና ናት? ልጃችን ኪዲ ጥርስ አበቀለች? እኔና አባታችን፣ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ በሥጋ ደኅና ነን። እንዴት ከረምሽ ካልኸኝ ግን ደኅና አልከረምሁም፤ ምክንያቱም አንተ ነህ። ስልክህን ስለማታነሣ ይህን ነገ ለሚሳፈረው ለጎረቤታችን ለደሞዝ ሰጥቼዋለሁ።

የምሠራበት ማሠልጠኛ የምስክር ወረቀት የሚመዘግበው በብሎክቼይን ኔትወርክ፣ በብዙ ኮምፒውተር ላይ በሚያዝ የጋራ መዝገብ፣ እንደሆነ ነግሬህ ነበር። አንድ ወረቀት እንዲጸድቅ ከሦስት ቁልፍ ያዦች ሁለቱ በየምስጢር ቁልፋቸው መፈረም አለባቸው፤ ሦስቱም መምህር ወልደ ጻድቅ፣ የሥራ ባልደረባዬ አብዱልከሪምና እኔ ነን። የቁልፌን ምስጢራዊ ቃላት በስልክም በወረቀትም እንዳላኖር ስለተነገረኝ በቃል አጠናኋቸው። በእኛ ቤት ደግሞ በቃል የተጠና ነገር ሰው ፊት ጮኽ ተብሎ ካልተቀጸለ አይጸናም፤ አባታችን እንዲህ ነው ያሳደጉን። ስለዚህ ለገና የመጣህ ጊዜ ፊትህ ተቀምጬ ቀጸልሁ፤ ደጋግሜ ስለው ሰምተኸኝ፣ ከፊተኛው ሳፋልስ አረምኸኝ። እኔ ሞኟ ወንድሜ አስቀጸለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ለራስህ ኖሯል የምታጠናው።

በዚያው ቁልፍ በራስህ ስም የመካከለኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት አወጣህ፤ ሥራም ያዝህበት። አብዱልከሪምም ፊርማዬን ሲያይ፣ እሷ ካየችው ብሎ ሳያጣራ ፈረመ። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ከተማሪዎቹ ስም ጋር ስናመሳክር መምህር ወልደ ጻድቅ ቀና ብለው፣ «ሥርጉት፣ ይህ ገድሉ የሚባለው መቼ ነው እኛ ዘንድ የተማረው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እዚያ ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ ከሥሩ «ተሽሯል» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ። የሰሞኑ የቁልፍ ያዦች ትምህርታችን ሌላ ሰው እጅ የገባ ቁልፍ እንዴት እንደሚሻር ነበር፤ ለመለማመጃ የተወሰደው የእኔ ሆነ። ከቁልፍ ያዥነቴም ተነሣሁ።

ሥራ አጥተህ ተቸግረህ እንደነበር አውቃለሁ። ብትጠይቀኝ ሌት ተቀን ብዬ አስተምርህ ነበር። ባዳ ቢያደርገው እንዲህ አያንገበግበኝም። ማን እንደወሰደብኝ ሲጠይቁኝ ስምህን ተናግሬያለሁ፤ ለመሥሪያ ቤትህም ይጽፋሉ።

ርሆቦትን ሰላም በልልኝ፤ ነገሩን ከሰው ከምትሰማው ካንተ ትስማው። ኪዲን ሳምልኝ። እኅታችን የብርጓል ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች፤ እሷም አልሰማችም። ለአባታችንም አልነገርኋቸውም። ልጄ ሥራ ያዘልኝ ብለው የተሳሉትን ጥላ ገዝተው፣ ለአሥራ ስድስት ወደ ዘጌ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ ሊሻገሩ ነው። ሳይሳፈሩ ደውልና አንተው ንገራቸው።

እኅትህ ሥርጉት
ባሕር ዳር፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.