«ወንበር አጣሁ» ያልሽኝ ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ሰብሌ፤

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? ባልሽ ጋሽ ይዲድያስ ደህና ነው? ሚስጥርዬስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ ሐዘኑ ጎዳን እንጂ ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲነሣም ሲቀመጥም የእማዬን ስም ይጠራል። እዚህ ቦንጋ ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንሥቼ ልልክልሽ ነበር። ጽሑፍ የሚያነብልሽ ስልክሽ ፎቶ ሲሆን «ምስል» ብሎ ዝም እንደሚልሽ ትዝ ሲለኝ ተውኩትና ተየብኩት። እስከ ዛሬ ስንቱን እንደዚያ ልኬብሻለሁ! አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም።

እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የምጽፈው። እማዬ ዓርብ ሌሊት ዐርፋ ቅዳሜ ተቀብራ፣ አንቺ በማግስቱ ስትደርሺ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ከእናትሽ ሥራሽ በለጠብሽ?» ብዬ ጮኽኩብሽ። አንቺ «ወንበር አጣሁ» ብቻ አልሽ። እኔ ደግሞ እማዬ ጠናባት ብዬ የደወልኩልሽ ሐሙስ ቀን የጋሽ ለገሰን የአውቶቡስ ዌብሳይት ከፍቼ አይቼ ነበር፤ ለዓርብ ከአዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ባዶ ወንበር ነበረው። ዌብሳይቱን የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ማን ሊያስተባብለኝ! ዋሸችኝ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ቂም ይዤብሽ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ጀማሉዲን የሚባል የማር ነጋዴ ለሱቁ ዌብሳይት ላሠራ ብሎ ቢሮዬ መጣ። ልጁን ጠይባንም ይዟት ነበር። እንዳንቺ ዓይነ ስውር ናት፤ የደንበኛ ትእዛዝ የምትቀበለው እሷ ስለሆነች «ልጄ የማትሠራበት ከሆነ ይቅርብኝ» አለኝ። እኔም ሥራዬን ላሳያት ብዬ ደረቴን ነፍቼ የጋሽ ለገሰን አውቶቡስ አስከፈትኳት። ስልኳ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ይል ጀመር። አርባ አምስቱም ወንበር ምስል! ባዶው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ባዶውን በአረንጓዴ፣ የተያዘውን በቀይ ነበር የለየሁት፤ ለአንዱም ስም አልሰጠሁትም። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ደግሞ ጊዜሽ አልቋል ብሎ ወደ መጀመሪያው መለሳት። እትዬ፣ ያኔ አንቺ መጣሽብኝ።

ወዲያው ለጋሽ ይዲድያ ደወልኩ። እሱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ አንቺ ብቻሽን ሐሙስን ከቀትር እስከ ምሽት ያንን ገጽ ስትታገይ እንደዋልሽ፣ ጎረቤት ደርሳ ብታይልሽ ወንበሩ እንዳለቀ ነገረኝ። የጥምቀት ሰሞን ስለነበር፣ ትኬቱ በዌብሳይት ብቻ ነበር የሚሸጠው። ዓርብን መናኸሪያ ስትንከራተቺ ውለሽ፣ ቅዳሜ ተነሥተሽ፣ መኪና እየቀያየርሽ ጅማ አድረሽ እሑድ ደረስሽ። «አሞጽ እንዳይሰማ፣ በሥራው ያፍራል» ብለሽ እንዳስማልሽውም አልደበቀኝም። ምነው እትዬ! ምነው ያኔ ብትሰድቢኝ!

ጋሽ ለገሰ ዘንድ ሄጄ ዌብሳይቱን እንደገና ልሥራው አልኩት። ስንት ዓይነ ስውር ይሳፈራል ብለህ ነው ቢለኝ፣ እናቷን ሳትቀብር የቀረች አንዲት አውቃለሁ አልኩት። «በል ሥራው» አለኝ። አሁን እያንዳንዱ ወንበር ሲነካ «ወንበር ሰባት፣ በመስኮት በኩል፣ ባዶ» ብሎ ይናገራል፤ የዐሥር ደቂቃውን ገደብም አነሣሁት። ጠይባ አንድ በአንድ ሞክራዋለች። ለእማዬ ግን ምን ይረባታል? ለአንቺስ?

በሐምሌ ለመንፈቋ ነይልኝ። በድንኳን የተናገርኩትን በሰው ፊት እመልሳለሁ፤ ለአባባ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፣ አለቀሰ።

አባባ «ልጄን ሳሙልኝ» ይላል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ናፍቀሽኛል ትልሻለች። ጋሽ ይዲድያን ስላልደበቀኝ አመስግኚልኝ። ሚስጥርዬን ጉንጯን ሳሚልኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያነሣሁትን የእማዬን የመጨረሻ ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ስልክሽ እንዲያነብልሽ ከታች ጽፌዋለሁ።

በድዬሽ የማለቅስ ወንድምሽ
አሞጽ
ቦንጋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፎቶው፦ እማዬ አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አንቺ የላክሽላትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ፊቷ ወደ በሩ ነው። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶበታል፤ አባባም ቆሟል። ከራስጌዋ አንድ ባዶ ወንበር አለ። እጇን ጭናበታለች፤ «ሰብሌ ስትመጣ ትቀመጥበታለች» ብላ ማንንም አላስቀመጠችበትም።