በጓንዡ መናፈሻ የተነሳው ድንጋይ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ በድሉ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ይብስብዎት ነበርና የላክሁልዎትን ቅባት ማታ ማታ ይቀቡት እንጂ ሳጥን ውስጥ አይቆልፉበት። እትዬ ዘርፈሽዋልስ እንደምን አሉ? የዓይናቸው ነገር ከምን ደረሰ? ልጅዎ እምነት ትምህርቱን ያዘ ወይስ አሁንም ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው? ያቺ እግሯን የተሰበረችው ላምስ ቆመች? እኔና ልጄ ቤዚ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ድሮ "ደህና ነን" ብዬ ነበር የምጽፍልዎት፤ ዘንድሮ ግን በሕይወት መኖራችን ይበቃናል።

ባለፈው እሁድ በስልክ የተናገሩኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። "ባሏን በሰው አገር አስደብድባ ጥላው የምትመጣ ሴት ከእኛ ቤት አልወጣችም" አሉኝ። ቀጥለውም ከገና በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት አቶ ወልደገብርኤል ሽማግሌ ይዘው፣ ባሌን ይመርን አስከትለው በሬ ድረስ እንደሚመጡና እርስዎም ቃልዎን እንደሰጡበት ነገሩኝ። ጋሼ፣ ይህን የምጽፈው እነዚያን ሽማግሌዎች እንዲመልሱልኝ ነው። በስልክ ሲሆን እኔ ሳልጨርስ እርስዎ ይቆጣሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በእምነት ስልክ እልካለሁ፤ ዋናውን ደግሞ ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ያደርስልዎታል። እስከ መጨረሻው ሳያነቡ አይደውሉልኝ።

የድንጋይን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅ ሆኜ፣ አጎታችንን የገደለው ሰውዬ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ግቢያችን ሲገባ ከእርስዎ ጀርባ ተደብቄ አይቻለሁ። አባታችን እያለቀሱ ድንጋዩን ከአንገቱ አውርደው መሬት አኖሩት። ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ከእኛ ቤት ሰው ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅን ሰው መናቅ እንግዲህ አላደግኩበትም።

አምና በረዶ አዳልጦኝ ወለቀ ያልኩዎትን ጥርስ ያወለቀው ይመር ነው። ያን ጊዜም ሽማግሌ ገባ። እዚህ ኮሎራዶ ውሃ እንዳይባክን እያሉ በሣር ፋንታ በየአፓርታማው ደጅ ድንጋይ ይደረድራሉ፤ ይመር ከዚያ አንዱን አንስቶ በማጅራቱ ተሸክሞ ሳሎናችን ገባ። አቶ ወልደገብርኤል "በይ የኔ ልጅ፣ አውርጂለት" አሉኝ፤ አወረድኩለት። ለመታሰቢያ ይቀመጥ ተባለና በራችን ሥር አኖርነው። የበር ማስደገፊያ ሆኖን ከረመ። በፋሲካ ማግስት ይመር ያንኑ ድንጋይ አንስቶ እኔና ቤዚ ተቆልፈን በተቀመጥንበት መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወረወረው። የዚህ አገር በር ውስጡ ባዶ ነው፤ ድንጋዩ በስቶት ገባና ገንዳውን ሰነጠቀው። ቤዚ ከገንዳው የራቀችው አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ይህንንም ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። አቶ ወልደገብርኤል ጢማቸውን እያሻሹ "ሁለታችሁንም ሥራ አድክሟችኋል። እሱ ሌሊት ተነስቶ የመንገደኛ ሻትል ይነዳል፣ አንቺ አዛውንት ስታነሺ ስትጥዪ ትውያለሽ፤ እስኪ ቫኬሽን ውሰዱና ወጣ ብላችሁ አገር እዩ" አሉን። የይመር አብሮ አደግ ኤቢ ቻይና ጓንዡ በሚባል ከተማ ተቀምጦ ወደ መርካቶ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ ኑ እያለ ከለመነን ቆይቷል። እኔም ከግሌንዴሉ የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ ጠየቅሁ። ቤዚን ሞንትቤሎ ሰፈር ጓደኛዬ ከበቡሽ ቤት ስናደርሳት አንገቴን ይዛ "ማሚ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ" አለችኝ፤ የግድ መሄድ የለብሽም ማለቷ ነው። የልጅ ነገር ብዬ ሳምኳትና ሄድኩ።

ጋሼ፣ ከተማው ጫፍ የለውም። ከኤርፖርቱ ወጥተን ስንነዳ ቆይተን መሃሉ ደረስን ስል ኤቢ ገና ዳሩ ነው ይለኛል። የዴንቨር ፎቆች ተነቅለው ቢመጡ አንድ ሰፈር አይሞሉም። ባቡሩ የሚሄደው ከመሬት ሥር ነው። በሩ ሲከፈት ሰዉ ግፍትር ብሎ ይገባል፣ ክርኑን ጎንዎ ውስጥ ይሰካል፣ ግን ተቆጥቶ አይደለም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። እኔ ክርን በነካኝ ቁጥር እሸማቀቅ ነበር። ሰው ሳይጠላኝ ሲገፋኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ገበያቸው ደግሞ ደም በደም ነው። ዓሣውን ከነነፍሱ ከገንዳ ያወጡና አናቱን በዱላ ይሉታል። ኤሊው በመረብ፣ እባቡ በጆንያ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ሴት መጥረቢያ በሚያህል ቢላዋ ዳክዬ ከነአጥንቱ ትከታትፋለች፤ በየመሃሉ ቢላዋውን ግንዱ ላይ ሰክታ የልጇን አፍንጫ ትጠርጋለች። ልጁም አይደነግጥም፣ እጇን ያውቀዋል። ይመር ቪዲዮ ሲያነሳ እኔ ልጁን ሳይ ቆየሁ። ቤዚ አባቷ ጸጉሯን ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ ዓይኗን እንደምትጨፍን ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ኤቢ የዳክዬው ደም ሽታ ያስለቀሰኝ መስሎት በሶፍት አፍንጫዬን እንድይዝ ነገረኝ።

ካንቶን ታወር የሚሉት ግንብ ላይም ወጣን። ከጫፉ ላይ ወለሉ መስታወት የሆነ ቦታ አለ፤ ከሥር ወንዙና መርከቡ ይታያል። እኔ አልቆምበትም አልኩ፤ ከፍታ እንደምፈራ እርስዎም ያውቃሉ። ይመር እየሳቀ ማጅራቴን ጨብጦ ጎተተኝና በጉልበቴ አንበርክኮ ፊቴን መስታወቱ ላይ አጣበቀው። "እይ እንጂ፣ ከፍለንበታል" ይለኛል። ኤቢ ጨዋታ መስሎት ፎቶ አነሳን። ያንን ፎቶ ነው ይመር ፌስቡክ ላይ የለጠፈው፤ እትዬ ዘርፈሽዋል አይተው ደስ አላቸው የተባለው ያው ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ኤቢ የእኛ አገር ሴት ወደምታበላበት ቤት ወሰደን። እንግዶቹ ነንና በወጉ ሁለታችንንም አጎረሰን። ለእኔ ሲሆን "በሞቴ" አለ፤ በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል፣ በላሁ። ይመርም ሳቀ። እየሳቀ በጠረጴዛው ሥር ቅልጥሜን በጫማው ጫፍ መታኝ።

በነጋታው ኤቢ ዕቃ ሊያስጭን ሄደ፤ ለምሳ ሊደርስብን ተቀጣጥረን እኛ ወደ ትልቁ መናፈሻ ሄድን። የከተማው ምልክት ያለው እዚያ ነው፤ ከድንጋይ የተቀረጹ አምስት ፍየሎች ናቸው። ጥንት ከሰማይ አምስት ሽማግሌዎች ፍየል ጋልበው የሩዝ ዛላ ይዘው ወረዱ፣ ሲመለሱ ፍየሎቹ ድንጋይ ሆነው ቀሩ ብሎ ኤቢ ነግሮናል። እኛ አገር ቢወርዱ ኖሮ ፍየሎቹ እስከ ማታም አይቆዩ ብዬ ይመርን ላስቀው ሞከርኩ። አልሳቀም። ሽማግሌ ሄዶ ድንጋይ ሲቀር እኔም ቤት አይቻለሁ ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ከሐውልቱ በታች አሮጊቶች ቀይ ማራገቢያ ይዘው በቴፕ ሙዚቃ ይጨፍራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ወፎቻቸውን ከነሽቦ ቤታቸው ዛፍ ላይ ሰቅለው ይጫወታሉ። ደስ የሚል ጠዋት ነበር። ደረጃው ጋ ስንደርስ ይመር "አፍሽን ለመጣው ሁሉ ነው የምትከፍቺው?" አለኝ። ያጎረሰኝ እኮ እንደ ወንድምህ ያለው ኤቢ ነው አልኩት። በቡጢ አፌን አለው። በጀርባዬ ደረጃው ላይ ወደቅሁ። ልቀመጥ ስል ጎኔን ረገጠኝ፣ ደገመኝ፣ ሦስተኛው ጊዜ የጎድን አጥንቴ ሲሄድ ታወቀኝ። ደሙ ወደ ጉሮሮዬ እየወረደ መጮህም አልቻልኩ።

ሙዚቃው አልቆመም፤ አሮጊቶቹ ግን ቆሙ። ትከሻዬ ጋ የማትደርስ አንዲት ሴትዮ ማራገቢያዋን አጥፋ በፊቱ ላይ አሳረፈችው፤ ደገመችለት። ቅንድቡ ተተረተረ። ሌሎቹ እየጮሁ መሃላችን ገቡና ከበቡኝ፤ አንዷ ራሴን ደረቷ ላይ አስደገፈችኝ። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ይመር ያኔ ወደ ልቡ ተመለሰ። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ከመታ በኋላ ፊቱ የሕፃን ፊት ይሆናል። እያለቀሰ ወደ አበባው መደብ ሄደ፣ ከዳሩ ድፎ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ፈነቀለ፣ በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሶ ወደ እኔ መጣ። የአገራችን ሰው ቢሆን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብሎ መንገድ ይለቅለት ነበር። ቻይናዎቹ ያዩት ግን ሚስቱን ደም ያስተፋ ሰው ሊጨርሳት ድንጋይ አንስቶ ሲመጣ ነው። ጋሼ፣ እኔም ያየሁት እሱን ነው። ያ የተበሳ በር መጣብኝ። ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ "ገደለኝ!" ብዬ ጮህኩ።

የመናፈሻው ዘበኞች ጫፉ እንደ መንሽ የተከፈለ ረጅም ብረት ይዘው ሮጡ። አንዱ በአንገቱ፣ አንዱ በወገቡ አስገብተው መሬት ላይ ደፉት። ድንጋዩ እግሩ ላይ ወረደ፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ ድረስ ተሰማኝ። አንድ ጎልማሳ ጀርባው ላይ ቆሞ በዱላ ወቀጠው። ይመር አፉ አፈር ውስጥ ሆኖ "ፀሐይነሽ፣ ንገሪያቸው፣ ይቅርታ ነው በያቸው" ይላል። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ እጄን ማወዛወዝ ግን አያቅተኝም ነበር። አላወዛወዝኩም። በክፋት አይደለም። ይቅርታ መሆኑን አላመንኩም ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ኤቢ ደርሶ አስረዳልን። በአገራችን ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጥፋቱን አምኖ ማሩኝ ማለቱ ነው፣ ጥንታዊ የእርቅ ሥርዓታችን ነው እያለ ላብ በላብ ሆኖ ተናገረ። ፖሊሱ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እኔ እያየ አንድ ነገር ጠየቀ። ኤቢ መተርጎሙን አልፈለገውም፤ ፖሊሱ ሲደግመው ግን አቀርቅሮ ነገረኝ። "እሷስ የዚያው አገር ሰው አይደለችም? ታዲያ ለምን ጮኸች?" ነው ያለው።

ጎኔን አሳስሬ ብቻዬን ተመለስኩ። ይመር እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ በክራንች ከሳምንት በኋላ መጣ። አሁን እዚሁ ቅርባችን ኮሜርስ ሲቲ ጓደኛው ቤት ተቀምጦ በሰው አገር አስደበደበችኝ እያለ ለመጣው ሁሉ ያለቅሳል። ለእርስዎም የደረሰው ያው ለቅሶ ነው። ውሸት ነው አልልም፣ ተደብድቧል። ሌላውን ግን አልነገሩዎትም።

ለፖሊሱ ያልሰጠሁትን መልስ ለእርስዎ ልስጥ። የጮህኩት ይቅርታውና ግድያው ከአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ድንጋይ ስለመጣብኝ ነው። የገዛ ባሌ ሊታረቀኝ ይምጣ ሊገድለኝ መለየት ካቃተኝ ከእሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዴት እተኛለሁ? አባታችን ያወረዱት ድንጋይ መሬት ላይ ቀርቷል፣ ማንም መልሶ አላነሳውም። የእኔን ግን ይመር መልሶ አንስቶታል። አልታረቅም፣ ጋሼ። ይቅር ልለው እችል ይሆናል፣ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ቤቴ ግን አይገባም።

በደጄ ያሉትን ድንጋዮች ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አያቸዋለሁ። ይመር የትኛውን እንደሚያነሳ አውቀዋለሁ፤ ከደረጃው ሥር ያለው ግራጫው ነው። ሽማግሌዎቹ አስከትለውት መጥተው ያንን ካነሳ እኔ ደግሜ እጮኻለሁ፤ ጩኸቴን ልያዘው ብልም አልችልም። ቤዚ ደግሞ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው፣ እኔ ከጮህኩ ለፖሊስ ትደውላለች። ጋሼ፣ ያን ቀን ፖሊሶቹ ጥቁር ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሬ ላይ ቆሞ ያገኛሉ። የዚህ አገር ፖሊስ መንሽ አይዝም። ሽጉጥ ነው የሚይዘው። ለእኔ ባያዝኑ እንኳ ለእሱ ይዘኑለትና ያስቀሩልኝ።

ለእትዬ ዘርፈሽዋል እጅ እነሳለሁ፤ ያ የግንቡ ፎቶ ስልካቸው ላይ ካለ እምነት ያጥፋላቸው። ለእምነት፣ ይህን መጀመሪያ የምታየው አንተ ነህና ሳትቀንስ ለአባትህ ስጥልኝ። ለእህታችን ለጽጌረዳና ለልጆቿ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ መሠረትም ሰላምታዬ ይድረስ። ቤዚ በእንግሊዝኛዋ መሃል "ጋሼን ሳሚልኝ" ብላለች። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

እህትዎ ፀሐይነሽ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.