ከጥላው ሸጥ የተመለስንባቸው ቀናት

ለቀድሞው የመንገድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለው? የሃምቡርግ ዝናብ እንዳያባብስብህ እሰጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ምድጃዬ ያጨሳል፣ በበረዶው ወቅት የሚያርፉብኝ እንግዶች ገና አልመጡም፣ ጎረቤቴ ቫስትልም እንደ ድሮው ሳይጠራ ለራት ከች ይላል። ልጅህ ፋይትም ደህና ነው። ልብህ እንዳይንጠለጠል ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

ግን ምን ነግረኸው ነው የላክኸው? ገና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «እትዬ ቡርጊ፣ አንቺና አባቴ በየኅዳሩ በበረዶ መንሸራተቻ ትወርዱበት የነበረው የጥላው ሸጥ የቱ ነው?» አለኝ። በመስኮት አሳየሁት። ዙሪያው ሁሉ ሣር ነው፣ ነጭ የሆነው እሱ ብቻ። «ይኸው! በረዶ ያለው እዚያ ነው!» ብሎ ዘለለ። ወይ ጉድ! አንተም በዕድሜው እንዲሁ ነበርክ።

በረዶው እዚያ ብቻ ለምን እንደቀረ አንተ ታውቃለህ። የጥቅምቱ በረዶ ሌላው ቦታ ቀልጦ ሲያልቅ፣ ፀሐይ በማትደርስበት ሸጥ ውስጥ ሰነበተና በብርዱ እንደ ስኳር ፍርፍር አለ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ነፋስ ያመጣው አዲስ በረዶ እላዩ ላይ ተጫነበት፤ የታችኛው አይሸከመውም፣ ሰው ሲረግጠው ተንዶ ይወርዳል። ሣር እየታየ ምን የበረዶ ናዳ ይመጣል የሚሉትን ነው በኅዳር ቆፍረን የምናወጣው።

ሐሙስ ዕለት ከቫስትል ጋር ሦስት ሆነን ወጣን። በሸጡ አፍ፣ ጥላው ውስጥ ባለ፣ ናዳ የማይደርስበት ጉብታ ላይ ለፋይት አካፋ ሰጥቼ አስቆፈርኩት። የታችኛው በረዶ በጓንቱ ጣቶች መሃል ፈሰሰ። ቢሆንም «አባቴ እኮ ወርዶታል» አለ። ቫስትል ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አባትህ ሰክሮ ከእኔ ጣሪያም ወርዷል።» እኔ «አልሄድም» አልኩ። እዚህ አንድ ሰው እምቢ ካለ ሁሉም እንደሚመለስ፣ ለምን ተብሎም እንደማይጠየቅ ነገርኩት። አኮረፈ። «ፈርተሽ ነው፤ ነገ ብቻዬን እመጣለሁ» አለኝ። ያንተን ልጅ በበረዶ ውስጥ በዘንግ እየወጋሁ ስፈልግ ታየኝ።

ስንመለስ፣ ገና ከጥላው ሳንወጣ፣ ለጥ ባለው መስክ ላይ፣ በረዶው ከእግራችን ሥር ድም ብሎ ሰጠመ፤ ስንጥቁም ከፊታችን ሮጠ። ተዳፋት ቢሆን ኖሮ ይዞን ይሄድ ነበር። የፋይት ፊት አመድ መሰለ። ቫስትል «አይዞህ፣ ተራራው ደህና ግቡ ማለቱ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ የነገውን ጉዞ አላነሳም።

ቤት ገብተን ሾርባ ስንበላ፣ አንተ የወረድንባቸውን ቀናት ብቻ እንደነገርከው ገባኝ። እኔ የተመለስንባቸውን ነገርኩት። ስንቴ አንተ ራስህ እምቢ እንዳልክ፣ ከእረኞቹ ጎጆ ገብተን እርጥብ ካልሲያችንን ምድጃው ላይ ሰቅለን፣ በአንድ ማንኪያ እየተቀባበልን እንደበላን፣ ስትዘፍን ድምፅህ እንዴት እንደሚሰነጠቅ። እኔንስ የናፈቁኝ እነዚያ ቀናት ናቸው፣ መውረዱ አይደለም። ልጅህ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ያንተ ነው፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ ድንገት፣ «ታዲያ ለምን አልተጋባችሁም?» አለኝ።

«አባትህ እምቢ አለ» አልኩት።

«ለምን?»

«አልጠየቅኩትም።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይህን ሁሉ ዓመት?» አለኝ። «አንተው ጠይቀው» አልኩት።

ቅዳሜ በባቡር ይመጣልሃል። በጭስ የደረቀ ሥጋና ለጉልበትህ የሚሆን ቅባት ሸክፌለታለሁ። እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፣ ልጅህንም ይጠብቅልህ። ሲጠይቅህ መልስለት። ለእኔ ባትጽፍልኝም ግድ የለም፤ እሱ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል።

ከኋላህ ትከተልህ የነበረችው